አሮጌው የዕቃ መዝገብ ወደ አዲሱ ኮምፒዩተር ሲዛወር

ማይክሮሶፍት ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለተባለው የኮምፒዩተር መሪ ፕሮግራም በተለመደው መንገድ ሲሰጠው የነበረው ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ አብቅቷል። በእግሩ የተተካው ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተወሰነ የጥበቃ መሣሪያ መኖሩን ስለሚጠይቅ፣ በብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ አይጫንም። ስለዚህ አሮጌ ኮምፒዩተር ይዞ የቆየ ነጋዴ፣ ወደደም ጠላም፣ አዲስ መግዛቱ የማይቀር ሆኗል።

ኮምፒዩተር መግዛቱ ገንዘብ ካለ ቀላል ነገር ነው። አስቸጋሪው ነገር የሚመጣው ኮምፒዩተሩ ከካርቶኑ ወጥቶ በጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ባለፉት አሥራ አምስትና ሃያ ዓመታት የዕቃውን ገቢና ወጪ፣ የደንበኞችን የዱቤ ሒሳብና የየጭነቱን የዲክላራሲዮን ቁጥር ሳይቀር መዝግቦ የኖረው ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራልን? ቢሠራስ በትክክል ይሠራልን? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ ከሁለቱም ይልቅ ነጋዴውን ሊጎዳው የሚችለው ሁለተኛው ነው። አልከፈትም ያለ ፕሮግራም ባለቤቱን ያስደነግጠዋል፤ እሺ ብሎ ተከፍቶ መዝገቡን በማይታይ ስፍራ የሚጽፍ ፕሮግራም ግን ባለቤቱ ሳያውቅ ለወራት ያሳስተዋል።

በንግድ ቤቶች የሚገኙት የመዝገብ ፕሮግራሞች በሁለት ወገን የሚከፈሉ ናቸው። አንደኞቹ ተዘጋጅተው የሚሸጡ ሲሆኑ፣ በአገራችን የሒሳብ ሠራተኞች ዘንድ እጅግ የታወቀው ፒችትሪ፣ ኋላ ሴጅ 50 የተባለው፣ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሁለተኞቹ አንድ ባለሙያ ለአንድ መደብር ብቻ አስቦ ያዘጋጃቸው ሲሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ የተሠሩት በፎክስፕሮ ወይም በአክሰስ ነው። ባለሙያው ወደ ውጭ አገር ሄዶ ወይም ሌላ ሥራ ይዞ ይሆናል፤ የሠራው ፕሮግራም ግን በየቀኑ ይከፈታል፣ በየቀኑ ይጻፍበታል። ይህ ጽሑፍ ይልቁንም በእነዚህ በሁለተኞቹ ላይ ያተኩራል፤ ሲበላሹ ስልክ ተደውሎ የሚጠራላቸው ሰው የላቸውምና። ስለ ፕሮግራሞቹ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር፣ ፕሮግራሙና መዝገቡ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ፕሮግራሙ እንደ ጸሐፊ ነው፤ መዝገቡ ግን ጸሐፊው የሚጽፍበት ደብተር ነው። ጸሐፊው ቢያረጅ ወይም ቢሞት ደብተሩ አይሞትም። በፎክስፕሮ የተሠራ መዝገብ ስሙ በዲ.ቢ.ኤፍ. በሚያልቅ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። የዚህ ፋይል አሠራር ግልጽና ቀላል ነው፤ በመጀመሪያው ላይ የዐምዶቹ ስምና ስፋት፣ የመስመሮቹም ብዛት ተጽፎ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ መስመሮቹ ሁሉ በእኩል ስፋት ተከታትለው ይሰፍራሉ። በእያንዳንዱ መስመር ራስ ላይ አንዲት ባዶ ቦታ አለች። መስመሩ በተሰረዘ ጊዜ በዚያች ቦታ የኮከብ ምልክት ይደረግባታል እንጂ ጽሑፉ ከፋይሉ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ፋይሉን የሚያጠራው ትእዛዝ ሲሰጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በስሕተት ወይም በተንኮል የተሰረዘ ቫውቸር ብዙ ጊዜ እዚያው ተደብቆ ይገኛል። ይህን የሚያውቁ ነጋዴዎች ጥቂቶች ናቸው።

ከዲ.ቢ.ኤፍ. ጎን ሌሎች ሁለት ፋይሎች ሊኖሩ ይችላሉ። ስሙ በሲ.ዲ.ኤክስ. የሚያልቀው ማውጫው ነው፤ ዕቃው በኮድ ወይም በስም ሲፈለግ ፈጥኖ እንዲገኝ የሚያደርግ ነው። በኤፍ.ፒ.ቲ. የሚያልቀው ደግሞ ረዣዥም ማስታወሻዎች የሚቀመጡበት ነው። ማውጫው ቢበላሽ ከደብተሩ ላይ እንደገና ይሠራል። የማስታወሻው ፋይል ከጠፋ ግን ከየትም አይመለስም። አንዳንድ ሰዎች መዝገቡን ወደ ፍላሽ ሲገለብጡ ዲ.ቢ.ኤፍ. የሚለውን ብቻ መርጠው ይወስዳሉ፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። መገልበጥ ያለበት ፎልደሩ በሙሉ ነው፤ በሚገለበጥበትም ሰዓት ማንም ሰው ፕሮግራሙን ከፍቶ መገኘት የለበትም።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ እንመለስ። ፎክስፕሮን መጀመሪያ ያወጣው በአሜሪካ በኦሃዮ የነበረው ፎክስ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ኩባንያውን በ1992 ገዛው። የመጨረሻው እትም ቪዥዋል ፎክስፕሮ 9 በ2004 ወጣ። በ2007 ማይክሮሶፍት ሌላ እትም እንደማያወጣ አስታወቀ፤ በጃንዋሪ 2015 ጥገናው ጭራሹን ተቋረጠ። ጥገናው ተቋረጠ ማለት ግን መሥራቱን አቆመ ማለት አይደለም። ቪዥዋል ፎክስፕሮ 9 በዊንዶውስ 11 ላይ ዛሬም ይከፈታል።

የሚከፈተውንና የማይከፈተውን የሚለየው ድንበር የፕሮግራሙ የቢት ቁጥር ነው። የዶስ ፎክስፕሮና በ1994 የወጣው ፎክስፕሮ 2.6 ለ16 ቢት ዘመን የተሠሩ ናቸው፤ ከ1995 ወዲህ የመጡት ቪዥዋል ፎክስፕሮዎች ግን የ32 ቢት ናቸው። የ64 ቢት ዊንዶውስ የ32 ቢት ፕሮግራሞችን ተቀብሎ ያሠራል፤ የ16 ቢቶቹን ግን ፈጽሞ አይቀበልም። ዊንዶውስ 10 በ32 ቢትም ይገኝ ስለነበር አሮጌው ፕሮግራም መጠጊያ ነበረው። ዊንዶውስ 11 ግን በ64 ቢት ብቻ የተዘጋጀ ነውና ያ መጠጊያ ተዘግቷል። አንዳንድ ሰዎች በፕሮግራሙ ላይ በቀኝ ክሊክ ከፍተው ለዊንዶውስ ኤክስፒ እንደተሠራ እንዲያስተናግደው ያዝዛሉ። ይህ ትእዛዝ ለ32 ቢት ፕሮግራሞች አንዳንድ ጊዜ ይጠቅማል፤ የ16 ቢቱን ግን በዚህ መንገድ ማስከፈት አይቻልም። የሚያሳስት ነገርም አለ፤ ፕሮግራሙ ራሱ የ32 ቢት ሆኖ ሳለ የሚጭነው ክፍል ብቻ የ16 ቢት የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ሲሆን ሲዲው አልጫንም ቢልም፣ ፎልደሩን ከነረዳት ፋይሎቹ ከአሮጌው ኮምፒዩተር ገልብጦ በማምጣት ማሠራት ይቻላል። ስለዚህ የመጫኛው እምቢታ የፕሮግራሙ እምቢታ ተደርጎ መታየት የለበትም።

የአሮጌዎቹን ፎክስፕሮዎች ነገር ከማለፋችን በፊት አንድ የሚያስቅ ነገር ይጠቀስ። ፎክስፕሮ 2.6 ሲነሣ የኮምፒዩተሩን ፍጥነት ለመመዘን አንዲት አጭር ሥራ እየደጋገመ የፈጀበትን ጊዜ ይለካል። ኮምፒዩተሮች እጅግ ከመፍጠናቸው የተነሣ የሚለካው ጊዜ ዜሮ ሆነና፣ ፕሮግራሙ ለዜሮ ለማካፈል ሲሞክር ወዲያው ይቆም ጀመር። ባለቤቱ የበለጠ ፈጣን ኮምፒዩተር በመግዛቱ ምክንያት ሥራ አቆመ ማለት ነው።

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ የሚታይ ችግር ነው። አሁን የማይታየውን እናንሣ።

አንድ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ በሶማሌ ተራ መደብር አላቸው እንበል። አዲስ ኮምፒዩተር ገዝተው አሮጌው ፕሮግራም ተጫነላቸው፤ ያለ ምንም ችግር ተከፈተ፤ ደስ አላቸው። በኮምፒዩተሩ ሁለት ሠራተኞች ይጠቀማሉ፤ አንደኛዋ ሽያጭ የምትመዘግበው ስትሆን፣ ሁለተኛው ከመጋዘን የገባውን ዕቃ የሚመዘግበው ነው። እያንዳንዳቸው በየስማቸውና በየይለፍ ቃላቸው ይገባሉ፤ ይህም መልካም አሠራር ነው። ፕሮግራሙ በተጫነበት ቀን መዝገቡ 120 ቺንጋ መኖሩን ያሳይ ነበር። በወሩ ውስጥ 70 ተሸጠ፤ ከአዲስ ጭነትም 60 ገባ። በመጋዘን ያለው እውነተኛው ዕቃ 110 ነው። ሻጯ ስትከፍተው ግን መዝገቡ 50 ይላል። የመጋዘኑ ሠራተኛ ሲከፍተው 180 ይላል። ሁለቱም የጻፉትን በትክክል ጽፈዋል፤ ሁለቱም የሚያዩት መዝገብ ግን ሐሰት ነው። አስመጪው የሻጯን ቁጥር አይተው ዕቃው እያለቀ ነው በማለት በብርቱ የተገኘውን የውጭ ምንዛሪ ለኤልሲ ቢያውሉት፣ በመጋዘናቸው ያለውን ዕቃ እንደገና ገዙ ማለት ነው። የመጋዘኑን ቁጥር አይተው ለጅምላ ደንበኛ 150 ቺንጋ ቢሸጡ ደግሞ የሌለ ዕቃ ሸጡ ማለት ነው። ሰኔ 30 ቀን ሒሳቡ ሲዘጋ የሚቀርበው የዕቃ ቀሪ ከቆጠራው ጋር አይገጥምም፤ ይህንንም ለግብር ሠራተኛ ማስረዳት ቀላል አይሆንም። በዚህ ሁሉ መካከል ሁለቱ ሠራተኞች እርስ በርሳቸው በስርቆት መጠራጠራቸው አይቀርም።

ነገሩ እንዴት ሊሆን ቻለ? በድሮው አሠራር ፕሮግራሙና መዝገቡ በአንድ ፎልደር ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜም ፕሮግራም ፋይልስ በተባለው ውስጥ፣ አብረው ይቀመጡ ነበር። ዊንዶውስ ቪስታ ለሕዝብ ከወጣበት ከ2007 ጀምሮ ግን ተራ ተጠቃሚ በዚህ ፎልደር ውስጥ እንዳይጽፍ ተከለከለ። ክልከላው ለጥበቃ ሲባል የተደረገ ሲሆን፣ በራሱ ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ክልከላው አሮጌዎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ ባንድ ቀን እንዳያቆማቸው ሲባል አንድ ብልሃት ተጨመረበት። አሮጌው ፕሮግራም በተከለከለው ፎልደር ለመጻፍ ሲሞክር፣ ዊንዶውስ ፋይሉን ቨርቹዋል ስቶር ወደሚባል የዚያ ተጠቃሚ የግል ስውር ፎልደር ይገለብጠውና ጽሕፈቱን ወደዚያ ይመልሰዋል። ከዚያ ወዲያ ያ ተጠቃሚ ፕሮግራሙን በከፈተ ቁጥር የሚያየው የራሱን ቅጂ ነው። ሁለት ተጠቃሚዎች ካሉ ሁለት ደብተር ይሆናል፤ ሦስት ካሉ ሦስት። ዋናው ፋይል በተጫነበት ቀን እንደነበረ ሳይነካ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን በመስኮቱ ላይ አንድም ማስጠንቀቂያ አይወጣም።

ከዚህ የባሰ የሚያስደነግጥ ነገር የሚመጣው ለሌላ ጉዳይ የተጠራ ባለሙያ ፕሮግራሙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ሲከፍተው ነው። በአስተዳዳሪ ሥልጣን የተከፈተ ፕሮግራም ወደ ስውሩ ፎልደር አይመለስም፤ በቀጥታ ዋናውን ፋይል ያያል። ዋናው ፋይል ደግሞ ከተጫነበት ቀን ወዲህ አንድም ነገር አልተጻፈበትም። ስለዚህ የስድስት ወር ሥራ በሙሉ የጠፋ ይመስላል። ባለቤቱ ይጮሃሉ፤ ባለሙያው ላብ ያጠምቀዋል፤ ከድንጋጤም የተነሣ አሮጌ መጠባበቂያ ቅጂ አምጥቶ በላዩ ላይ ይጭንበታል። የጠፋ የመሰለው ሁሉ ግን በተጠቃሚዎቹ የግል ፎልደር ውስጥ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ ምንም ነገር አለመጫንና አለመሰረዝ ነው።

ነገሩን ለመፈተን አምስት ደቂቃ ይበቃል። አንድ ሠራተኛ በስሙ ገብቶ አንድ የሙከራ ቫውቸር ይጻፍ፤ ሁለተኛው በስሙ ገብቶ ያንኑ ቫውቸር ይፈልግ። ካላገኘው መዝገቡ ተከፍሏል። ሁለተኛው መፈተኛ፣ በዋናው ፎልደር ውስጥ ያሉት ዲ.ቢ.ኤፍ. ፋይሎች መጨረሻ የተጻፈባቸውን ቀን ማየት ነው፤ ሱቁ ትናንት ሲሸጥ ውሎ ፋይሉ የተጻፈበት ቀን የዛሬ ሦስት ወር ከሆነ፣ ጽሕፈቱ ሌላ ስፍራ እየሄደ ነው።

መዝገቡ ገና ካልተከፈለ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፎልደሩ ከፕሮግራም ፋይልስ ወጥቶ በዲስኩ ላይ በቀጥታ በሚከፈት ሌላ ፎልደር ውስጥ ይቀመጥ፤ ስሙ አጭር፣ በላቲን ፊደል የተጻፈና ክፍት ቦታ የሌለበት ቢሆን ይመረጣል። በዚያ ፎልደር ላይ ለሠራተኞቹ የመጻፍ ፈቃድ ይሰጥ። ሁሉንም ሠራተኛ በአስተዳዳሪ ሥልጣን እንዲከፍት ማድረግ ግን መድኃኒት አይደለም፤ የመዝገቡን ችግር ቢፈታ እንኳ ኮምፒዩተሩን በሙሉ ለቫይረስ ያጋልጣል።

መዝገቡ ቀድሞ ከተከፈለ ግን ትዕግሥት ያሻል። የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ቅጂና ዋናው ፋይል ሳይነኩ በየስማቸው ለብቻ ይቀመጡ። ከዚያ በወረቀት ያሉት ቫውቸሮች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ይደርደሩና፣ መዝገቦቹ የተለያዩበት ቀን ይፈለግ። ከቅጂዎቹ ውስጥ ብዙ የተጻፈበት አንዱ እንደ ዋና ይያዝ፤ በእርሱ ላይ የጎደሉት ከወረቀቱ እየታዩ በእጅ ይጻፉ። አንዱን ፋይል በሌላው ላይ በመጫን ጊዜ ለማትረፍ መሞከር ከሁለቱ አንዱን ለዘለዓለም ማጥፋት ነው። ቫውቸሩን በወረቀት አትሞ በክላሰር የማስቀመጥ ልማድ ያለው መደብር በዚህ ጊዜ ምንኛ እንደሚጠቀም መናገር አያስፈልግም።

ፕሮግራሙ በብዙ ኮምፒዩተሮች በኔትዎርክ የሚሠራ ሲሆን ሌላ ችግር ይጨመራል። ፎክስፕሮ በመካከል ቆሞ ጽሕፈቱን የሚያስተናግድ ሰርቨር የለውም፤ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ፋይሉን ራሱ ከፍቶ ራሱ ይጽፋል። አዲሶቹ ዊንዶውሶች ደግሞ ሥራ ለማፋጠን ከኔትዎርክ ያነበቡትን ለጊዜው በራሳቸው ዘንድ ያቆያሉ። በዚህ መካከል መብራት ቢጠፋ ወይም ሽቦ አልባው መስመር ቢቆራረጥ፣ በይበልጥ የሚጎዳው ማውጫው ነው። ምልክቱም ይህ ነው፤ ዕቃው በዝርዝሩ ውስጥ እየታየ በኮዱ ሲፈለግ የለም ይላል። ሻጩም የለም ካለማ ብሎ እንደ አዲስ ይመዘግበዋል፤ አንዱ ዕቃ በሁለት ስፍራ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ሁሉም ሰው ከፕሮግራሙ ወጥቶ ማውጫው እንደገና ይሠራ። ለእንዲህ ያለ ፕሮግራም ገመድ ያለው ኔትዎርክና መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ዩፒኤስ ቅንጦት አይደሉም።

መዝገቡ በአሮጌ የኤክስፒ ኮምፒዩተር ላይ ቀርቶ አዲሶቹ ከእርሱ ላይ እንዲያነቡ ሲፈለግ፣ አዲሱ ኮምፒዩተር አሮጌውን አላየሁም ይላል። ምክንያቱ ኤክስፒ የሚናገረው የፋይል መጋሪያ ቋንቋ፣ ኤስ.ኤም.ቢ. 1 የሚባለው፣ ከ2017 መጨረሻ ወዲህ በወጡት ዊንዶውሶች አብሮ ስለማይጫን ነው። ባለሙያው ያን ክፍል በእጁ ከፍቶ ሥራውን ጨርሻለሁ ሊል ይችላል። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በብዙ አገሮች፣ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀር፣ የተዛመተው በዚሁ በር ነበር። መዝገቡን ወደ አዲሱ ኮምፒዩተር ማዛወር እንጂ በሩን መልሶ መክፈት አይመከርም።

የአማርኛ ጽሕፈት ነገር ለብቻው መነሣት ያለበት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት አማርኛ የሚጻፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። የጥንቶቹ አሠራር፣ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ሆኖ፣ ፎንቱ ብቻ በአማርኛ መልክ እንዲያሳየው ማድረግ ነው። ፎክስፕሮ ራሱ ዩኒኮድን ስለማያውቅ፣ በአማርኛ የተጻፈ የደንበኛ ስም ያለበት አሮጌ መዝገብ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። መዝገቡ ፎንቱ ወደሌለበት አዲስ ኮምፒዩተር ሲሄድ የደንበኞቹ ስም ሁሉ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። ብዙዎች መዝገቡ ተበላሸ ብለው ስሞቹን እንደገና መጻፍ ይጀምራሉ። መዝገቡ አልተበላሸም፤ ያንኑ አሮጌ ፎንት ከአሮጌው ኮምፒዩተር አምጥቶ መጫን ብቻ ይበቃል። በዊንዶውስ ያሉት ኒያላና ኤብሪማ የተባሉት ፎንቶች የሚያሳዩት የዩኒኮዱን አማርኛ ብቻ ነውና በዚህ ቦታ አያገለግሉም።

እውነተኛ ጥፋት የሚደርሰው በሌላ መንገድ ነው። ቪዥዋል ፎክስፕሮ የፊደል ሠንጠረዡ ያልተመለከተ አሮጌ ፋይል ሲከፍት የትኛው ሠንጠረዥ እንደሆነ ይጠይቃል። ሠራተኛው ያልሆነውን መርጦ ካለፈ፣ ፕሮግራሙ ምልክቶቹን ከአንዱ ሠንጠረዥ ወደ ሌላው ሊተረጉማቸው ይችላል፤ ከተተረጎሙ በኋላ ፎንቱ ቢመጣ እንኳ ከበደ ከበደ ሆኖ አይነበብም። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ሲመጣ ሳያውቁ ከመምረጥ ይልቅ መተው ይሻላል፤ ሙከራውም በቅጂ ላይ ይሁን። ደግሞም እንዲህ ባለው መዝገብ ውስጥ ስሞች የሚደረደሩት በሀ ሁ ሳይሆን ከሥር ባሉት የላቲን ምልክቶች ተራ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ የደንበኞች ዝርዝር ሁልጊዜ የተዘበራረቀ የሚመስለው ስለዚህ ነው።

ፕሮግራሙ በምንም መንገድ በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ የማይከፈት ከሆነ፣ አሮጌውን ዊንዶውስ በአዲሱ ውስጥ እንደ እንግዳ ማስቀመጥ ይቻላል። ቨርቹዋል ቦክስ የተባለው ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ በአዲሱ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር ያለ አስመስሎ ኤክስፒን ከነፎክስፕሮው ያሠራል። በዊንዶውስ 11 ፕሮ ውስጥ ያለው ሃይፐር ቪም ይህንኑ ይሠራል፤ በሆም ዐይነቱ ግን አይገኝም። ለአሮጌው ዊንዶውስ ሕጋዊ ፈቃድ ሊኖር ይገባል፤ ለእንግዳውም ኢንተርኔት አይሰጠው። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም እንግዳው ከነመዝገቡ በጥቂት ፋይሎች ውስጥ ተጠቃሎ መቀመጡ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ቢሰበር በሌላ ላይ ማስነሣት ይቻላል። ለዶስ ፕሮግራሞች ብቻ የሚሆን ቪዶስ የተባለ ቀላል መንገድም አለ፤ የተሠራው ለንግድ ፕሮግራሞች ታስቦ ነው። ስሙ ይበልጥ የታወቀው ዶስቦክስ ግን ለጨዋታ የተዘጋጀ ስለሆነ የሱቅ መዝገብ ባይጣልበት ይሻላል።

አንዳንዱ ነጋዴ ከአሮጌው ፕሮግራም ጋር መታገሉን ትቶ መዝገቡን ብቻ አውጥቶ ወደ አዲስ ፕሮግራም ለማዛወር ይወስናል። ይህም ይቻላል። ኤክሴል ዲ.ቢ.ኤፍ. ፋይልን ይከፍታል፤ ከ2007 እትም ወዲህ ግን በዚያው መልክ መልሶ አያስቀምጥም። በነፃ የሚገኘው ሊብረ ኦፊስ ይከፍታልም ያስቀምጣልም። በኤክሴል ሲከፈት የማስታወሻው ፋይል ይዘት አብሮ እንደማይመጣ፣ በዜሮ የሚጀምሩ የዕቃ ኮዶችም ዜሮአቸውን እንዳይጥሉ ልብ ሊባል ይገባል። በአክሰስ 97 የተሠራ መዝገብ ያለው ሰው ደግሞ መቸኮል አለበት፤ ከአክሰስ 2013 ጀምሮ የወጡት ያን መልክ አይከፍቱም። ስለዚህ አሮጌው ኮምፒዩተር ከመጣሉ በፊት በአክሰስ 2003፣ 2007 ወይም 2010 ወደ አዲሱ መልክ ይለወጥ። የፒችትሪ ተጠቃሚ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ በአንድ እትም የተያዘ መጠባበቂያ በአዲስ እትም ሲከፈት ይለወጣል፤ ከተለወጠ በኋላ ወደ አሮጌው አይመለስም። ያልተነካ ቅጂ በእጅ ሳይኖር መጀመር አይገባም።

ስለ ማተሚያው ጥቂት እንበል። አሮጌ ፕሮግራሞች ኤል.ፒ.ቲ. 1 በሚባለው ሰፊ ሶኬት ላይ በቀጥታ ያትሙ ነበር፤ አዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ያ ሶኬት የላቸውም። ፕሪንተሩ በዊንዶውስ ላይ ለጋራ አገልግሎት ከተከፈተ በኋላ ኔት ዩዝ በሚባለው ትእዛዝ የኤል.ፒ.ቲ. 1 ስም ሊሰጠው ይቻላል። ከሥሩ ኮፒ ያለው ቫውቸር የሚጠቀም ሱቅ ግን በመርፌ የሚመታውን ፕሪንተር አይጣል፤ ሌዘር ፕሪንተር ከላይኛው ወረቀት ወደ ታች አያስተላልፍም።

ዝውውሩ ለማናቸውም ነጋዴ ቢቻል የሰኔው ሒሳብ ተዘግቶ ቆጠራው ካለቀ በኋላ በሐምሌ መጀመሪያ ላይ ቢደረግ ይመረጣል፤ የተቆጠረ ዕቃ መነሻ ሆኖ ያገለግላልና። ለአንድ ወር ያህል ቫውቸሮቹ በአሮጌውም በአዲሱም ይመዝገቡ። ሥራው ድርብ ነው፤ ሠራተኞች ማጉረምረማቸው አይቀርም። በየቅዳሜው ማታ ሦስት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይታዩ፤ የዕቃው ጠቅላላ ብዛት፣ ከደንበኞች የሚሰበሰበው የዱቤ ድምርና የመጨረሻው ቫውቸር ቁጥር። ሦስቱም አራት ቅዳሜ ከተስማሙ አሮጌው ኮምፒዩተር ይጠፋ፤ ዲስኩ ግን ወጥቶ በወረቀት ይጠቅለል፣ ቀኑና የፕሮግራሙ ስም ይጻፍበት፣ ከክላሰሮቹ ጋር በካዝና ውስጥ ይቀመጥ።